ነፍስ ተረፈ፣ ማሳው ግን ጨው ሆነ፦ የባንግላዴሽ ጠረፍ ነዋሪዎችና የአየር ንብረት ለውጥ

የጣና ተመልካች (ርዕሱን የከፈተው)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የአየር ንብረት ለውጥ በዝቅተኛ የባሕር ጠረፎች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ «ባሕሩ ከፍ ይላል፣ መሬቱ ይሰጥማል» ይልና እዚያው ላይ ያበቃል። በዚህ ርዕስ ሥር አንድ አገር ብቻ ይዘን ጉዳቱ በየትኛው መንገድ፣ በማን ላይ እንደሚደርስ በዝርዝር እንድንመለከት እጠይቃለሁ። የመረጥሁት ባንግላዴሽን ነው። አገሪቱ ጋንጅስ፣ ብራህማፑትራና ሜግና የተባሉት ወንዞች ባወረዱት ደለል የተሠራች ሜዳ ናት፤ የደቡቡ ክፍል ከባሕር ጠለል የሚበልጠው በጥቂት ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በ19ኙ የጠረፍ አውራጃዎች በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖራል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኖቬምበር 1970 የቦላ ደሴትንና አካባቢዋን የመታው ዐውሎ ነፋስ በትንሹ ግምት 300 ሺህ ሰው ገድሏል። በኤፕሪል 1991 በቺታጎንግ በኩል የገባው ወደ 140 ሺህ ሰው ፈጀ። በ2007 ሲድር የተባለው ወደ 3,400 ሰው ሲገድል፣ በሜይ 2020 አምፋን በመጣ ጊዜ ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ መካከል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ መጠለያ ተወስዶ፣ በባንግላዴሽ በኩል የሞተው ሰው በአሥሮች የሚቆጠር ብቻ ሆነ። ዐውሎ ነፋሶቹ በኃይልም ሆነ በመቱት ስፍራ እኩል ስላልሆኑ ቁጥሮቹን እንዳለ ማነጻጸር ተገቢ አይደለም፤ ቢሆንም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1972 በቀይ መስቀል የተጀመረውና በኋላ መንግሥት የገባበት የዐውሎ ነፋስ ዝግጁነት መርሐ ግብር ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ እነርሱም ባንዲራ በመስቀል፣ በድምፅ ማጉያ በመለፈፍና ቤት ለቤት በመዞር ሕዝቡን በዓምድ ላይ ወደ ተሠሩት የኮንክሪት መጠለያዎች ያደርሳሉ። ከመጠለያዎቹ ብዙዎቹ በሌላው ጊዜ ትምህርት ቤት ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። በሜይ 2009 አይላ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በባንግላዴሽ የገደለው ሰው 200 አይሞላም፤ በዚህ መለኪያ «ቀላል» ነበር። ነገር ግን በኩልናና በሳትኪራ አውራጃዎች የአፈር ክትሮቹን ስለሰበራቸው፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላው የባሕር ውኃ እንደ ዳኮፕ ባሉ ቦታዎች ሁለት ዓመት ያህል በማሳው ላይ ሲገባና ሲወጣ ቆየ። ነዋሪው በክትሩ ጀርባ ላይ ጎጆ ቀልሶ ሰነበተ፤ ሩዙ፣ የኩሬው ዓሣ፣ የግቢው ዛፍና ከብቱ ጠፋ። በእኔ እይታ ዛሬ የጠረፉን ድኻ የሚያፈናቅለው ይህ ቀስ ብሎ የሚሠራው ጥፋት ነው፤ የሞት ቁጥር በመቀነሱ ብቻ የሚደሰት ዓለምም ይህን አያየውም። በሙያው ውስጥ ያላችሁ እንድታርሙኝና እንድትጨምሩበት እለምናለሁ።

መሐንዲሱ ከአዳማ

በመነሻው ጽሑፍ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ክትሮቹ እንዲሁ «ተሰበሩ» ተብለው የሚታለፉ አይደሉምና ልጨምርበት።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ በውጭ እርዳታና በኔዘርላንድ መሐንዲሶች ምክር የጠረፉ መሬት «ፖልደር» በተባሉ 139 ቅጥሮች ተከፋፈለ። ፖልደር ማለት ዙሪያውን በአፈር ክትር የታጠረ፣ ውኃው በበር የሚወጣና የሚገባበት ቦታ ነው። ሐሳቡ በጊዜው ጥሩ ነበር፤ ጨዋማው የባሕር ሙላት ወደ ማሳው እንዳይገባ ከለከለ፣ ምርትም ጨመረ። የተዘነጋው ነገር ይህ መሬት የተሠራውም ሆነ ከፍታውን ጠብቆ የኖረው በዚያው ሙላት በሚመጣ ደለል መሆኑ ነው። ሦስቱ ወንዞች በዓመት ወደ አንድ ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ደለል ያወርዳሉ። ክትር ሲሠራ ደለሉ ከውጭ ቀረ። ውስጡ ያለው መሬት ደግሞ እየተጠቀጠቀ ሲወርድ፣ ከውጭ ያለው የወንዝ አልጋ በደለል እየተሞላ ከፍ አለ።

በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በዳኮፕ የሚገኘውን ፖልደር ቁጥር 32ን ከጎኑ ካለው የሱንዳርባንስ ማንግሮቭ (በጨዋማ ውኃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) ደን ጋር አነጻጽሮ፣ የፖልደሩ መሬት ከባሕሩ ሙላት ከፍታ አንጻር ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ዝቅ ማለቱን አሳይቷል፤ ክትር ያልነካው ደን ግን ከባሕሩ ጋር እኩል እያደገ ቆይቷል። የበለጠ የሚገርመው፣ አይላ ክትሩን ሰብሮ ውኃው በገባባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ በማሳው ላይ በአሥሮች ሴንቲሜትር የሚለካ አዲስ ደለል መተኛቱ ነው። ያ ጎርፍ ለነዋሪው መቅሠፍት ቢሆንም ለመሬቱ የተከለከለውን ምግብ መልሶለታል። ስለዚህ ክትሩን ብቻ ከፍ እያደረጉ መሄድ መፍትሔ አይመስለኝም፤ ክትሩ ከፍ ባለ ቁጥር ከኋላው ያለው ጎድጓዳ ይጠልቃል፣ የተሰበረ ዕለትም አደጋው የባሰ ይሆናል።

ሰናይት (ከዴንቨር)

ወንድማችን መሐንዲሱ ያቀረቡት ትንታኔ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሚያደርስበት ቦታ ግን ያሳስበኛል። የዓለም የባሕር ጠለል ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በአማካይ 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ከ2006 እስከ 2018 ደግሞ በዓመት 3.7 ሚሊሜትር ይጨምር ነበር፣ ይህም ካለፈው ምዕተ ዓመት አማካይ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ነው። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ሲሞቅ ዐውሎ ነፋስ የሚመገበው ኃይል ይጨምራል። ባንግላዴሽ ከ170 ሚሊዮን የሚያልፍ ሕዝብ ይዛ ለዓለም ብክለት የምታዋጣው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። «ችግሩ የክትሮቹ ነው» ካልን፣ በካይ አገሮች «እንግዲያውስ የእናንተው የአስተዳደር ጉድለት ነው» ብለው እጃቸውን እንዲታጠቡ በር እንከፍትላቸዋለን። ይህ ሥጋት ብቻ አይደለም፤ በድርድር ጠረጴዛ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሣ መከራከሪያ ነው።

መሐንዲሱ ከአዳማ

እኅት ሰናይት፣ የአንዱ ጥፋት ሌላውን ነጻ አያወጣውም። መሬቱ በክትር ምክንያት አንድ ሜትር ከወረደ፣ ከውጭ የሚመጣው እያንዳንዱ ተጨማሪ ሴንቲሜትር የሚጎዳው ከፍታውን ጠብቆ ከቆየ መሬት ይልቅ ይህንን ነው። ሦስተኛ ምክንያትም ልጨምር፦ ሕንድ በ1975 የፋራካን ግድብ ሥራ ላይ ካዋለች ወዲህ በበጋ ወራት በጋንጅስ በኩል የሚወርደው ጣፋጭ ውኃ ቀንሷል፤ ወደ ኩልና የሚፈሰው የጎራይ ወንዝም በበጋ ስለሚደክም ጨዋማው ውኃ ወደ መሀል አገር ጠልቆ ይገባል። ገበሬው በማሳው ላይ ነጭ ጨው ሲያይ ከባሕሩ፣ ከክትሩና ከግድቡ የቱ ምን ያህሉን እንዳመጣ ለይቶ አይነግርዎትም። እኛም ለካሣ ክርክር ሲባል ብቻ መለየት ያለብን አይመስለኝም።

አዋላጅ ነርስ

ውይይቱ ስለ መሬት ብቻ ስለሆነ ስለ ሰውነት ጥቂት ልናገር። ጨዋማነት መጀመሪያ የሚሰማው በመጠጥ ውኃ ነው። በዳኮፕ በተደረገ ጥናት ነፍሰ ጡር ሴቶች በበጋ ወራት ከመጠጥ ውኃ ብቻ በቀን 5 ግራምና ከዚያ በላይ ሶዲየም (በጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) እንደሚወስዱ ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከምግብም ከመጠጥም ተደምሮ የሚመክረው ከ2 ግራም በታች ነው። በዚያው አካባቢ በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የደም ግፊት በበጋ ከክረምቱ በዝቶ ታይቷል። ይህ ሕመም እናትንም ጽንስንም እንደሚገድል በወሊድ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል። አንዲት ነፍሰ ጡር በዚህ ምክንያት ብትሞት ግን በየትኛውም የዐውሎ ነፋስ ዘገባ ውስጥ ተጎጂ ተብላ አትቆጠርም።

ውኃ የምትቀዳውም ሴቷ ናት። የመንደሩ ኩሬ ጨው ሲገባበት ወደ ሌላ መንደር እንስራ ይዛ መሄድ አለባት፤ አቅም ያለው ቤተሰብ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጋን ይገዛል፣ የሌለው በበጋው መጨረሻ ያገኘውን ይጠጣል። ሴት ልጆችም በዚያው ከትምህርት ይቀራሉ።

በ1991ዱ ዐውሎ ነፋስ ከሞቱት መካከል ሴቶች ከወንዶች በእጅጉ ይበዙ እንደነበር የታወቀ ነው። ባል ሳይመጣ ከቤት አልወጣም ማለት፣ ከማያውቁት ወንድ ጋር በተጨናነቀ መጠለያ ማደርን መፍራት፣ ልጅ ተሸክሞ በረጅም ልብስ መሮጥ አለመቻል በምክንያትነት ተዘርዝረዋል። ዛሬ ከበጎ ፈቃደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች መሆናቸውና በመጠለያዎች ለሴቶች የተለየ ክፍል እንዲኖር መደረጉ የዚህ ትምህርት ውጤት ነው። ሲሚንቶው ብቻውን ያን ሁሉ ሞት አልቀነሰም ማለቴ ነው።

ከሻርጃ

እኔ የምሠራው በባሕረ ሰላጤው አገር በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ሲሆን፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ብዙዎቹ ባንግላዴሾች ናቸው። ከሳትኪራ የመጣ አንዱ ቤተሰቡ መሬቱን ያጣው በባሕር ሳይሆን ለምግብ በሚረባው ትንሽ የውኃ እንስሳ፣ በሽሪምፕ መሆኑን ሲነግረኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ ሳነብብ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለውጭ ገበያ የሚላከው የሽሪምፕ እርባታ ተስፋፋ። ሽሪምፑ ጨዋማ ውኃ ስለሚፈልግ፣ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ጨውን ለመከላከል የተሠሩትን የክትር በሮች ከፍተው ወይም ክትሩን በቧንቧ በስተው የባሕሩን ውኃ ሆን ብለው አስገቡት። የአንዱ ማሳ በጨው ሲሞላ የጎረቤቱም በስርገት ይበላሻል፤ ስለዚህ ባይወድም መሬቱን በርካሽ ለሽሪምፕ አርቢው ያከራያል። ሩዝ ለመትከልና ለማጨድ ብዙ ሰው ይፈለጋል፤ ለሽሪምፕ ግን ጥቂት ጠባቂ ይበቃል። መሬት የሌለው ቀን ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ሥራ ያጣል፤ የሣር መሬት ስለሚጠፋ ላምም አትኖርም። ድኻ ሴቶች በወንዝ ዳር እስከ ወገባቸው በጨው ውኃ ቆመው የሽሪምፕ ጫጩት በመረብ ያጠምዳሉ። ከወንዶቹ ግማሹ ወደ ጡብ ማቃጠያ፣ ግማሹ ወደ ዳካ፣ ለደላላ የሚከፍለው ያገኘውም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል።

ባልደረባዬ የመጣበት ዕዳ ከእኛ ልጆች ዕዳ በምንም አይለይም፤ የደላላው ቋንቋ ብቻ ይለያያል። ከሚልከው ገንዘብ ላይ በመጀመሪያ የሠራበት ቤቱ የቆመበትን የአፈር መደብ ከፍ ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ «የሥራ ስደተኛ» ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ አፈናቀለው የሚል መዝገብ የለም፣ እርሱም ራሱን እንዲያ ብሎ አይጠራም።

የጣና ተመልካች

ከሻርጃ የጻፉልን ወንድም ያነሡትን ሁሉም ሰው ዝም ብሎ እንዳልተቀበለው መጨመር አለብኝ። በኩልና አውራጃ በፖልደር ቁጥር 22 ነዋሪዎች የሽሪምፕ እርባታ እንዳይገባባቸው ሲቃወሙ፣ ሰልፉን ከፊት ሆና የመራችው መሬት አልባዋ ኮሩናሞዪ ሳርዳር በኖቬምበር 7 ቀን 1990 በታጠቁ ሰዎች ተገደለች። ፖልደሩ ከሽሪምፕ ነጻ ሆኖ ቆየ፤ ሩዝና አትክልትም ይመረትበታል። የባሕሩ ጠለል ግን በዚህ ፖልደርም ሆነ በጎረቤቶቹ እኩል ነው። ልዩነቱን ያመጣው የውኃው በር ቁልፍ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህም ነው የእኅት ሰናይትን ሥጋት እየተረዳሁ፣ ከመሐንዲሱ ጎን የምቆመው።

ወጣቱ ጠያቂ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አደጋው ይህን ያህል ከታወቀ ለምን አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ አይሰፍሩም? መንግሥት መሬት ቢሰጣቸው አይሻልም?

ሰናይት (ከዴንቨር)

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መሬቱ ግን ከየት ይመጣል? ባንግላዴሽ ከደሴትና ከከተማ አገሮች ውጭ በዓለም ላይ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት። ሰዎቹ በርግጥ እየሄዱ ነው፤ የሚሄዱትም በአብዛኛው ወደ ዳካ ነው፤ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወዳለባት ከተማ። በዚያ «ቦላ» ተብሎ የሚጠራ ደሳሳ ሠፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው ወንዙ ቤታቸውን ከወሰደባቸው የቦላ ደሴት ሰዎች ነው። ከባሕር ውኃ ሸሽተው የመጡት እዚያ በዝናብ ጎርፍ ይጥለቀለቃሉ። የዓለም ባንክ በ2021 ባወጣው ትንበያ፣ ነገሮች በከፋው መንገድ ከሄዱ በ2050 በአገሪቱ ውስጥ በአየር ንብረት ምክንያት የሚፈናቀለው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን ሊጠጋ ይችላል።

ማስፈር ተሞክሯል። ከኩቱብዲያ ደሴት የተፈናቀሉ ሰዎች በኮክስ ባዛር ከተማ ጠረፍ ላይ በራሳቸው ሠፍረው ነበር፤ ከዓመታት በኋላ አካባቢው ለአውሮፕላን ማረፊያ ማስፋፊያ ስለተፈለገ፣ በኩሩሽኩል በተሠሩ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች ውስጥ እንዲገቡ ተደረገ፤ በ2020 የመጀመሪያዎቹ 600 ቤተሰቦች ቁልፍ ተረከቡ። ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑን አልክድም። ዓሣ እያደረቀ ይኖር የነበረ ሰው በፎቅ ላይ ዓሣውን የት እንደሚያሰጣ ግን ማሰብ ያስፈልጋል።

በ2023 ያረፉት የአገሪቱ ታዋቂ የአየር ንብረት ሊቅ ሳሊሙል ሁቅ ሌላ መንገድ ያቀርቡ ነበር፦ ሰዉን ሁሉ ወደ ዳካ ከመግፋት ይልቅ እንደ ሞንግላ ያሉ ትናንሽ ከተሞች ክትር፣ ንጹሕ ውኃና ሥራ ኖሯቸው መጤውን እንዲቀበሉ ማዘጋጀት። ሞንግላ ወደብና የውጭ ገበያ ፋብሪካዎች ያሉባት በመሆኗ ሐሳቡ መሠረት አለው። ከሰማሁት ሁሉ ለእውነታው የቀረበው ይህ ይመስለኛል።

የአራት ኪሎው ታዛቢ

ስለ ገንዘቡ አጭር አስተያየት አለኝ። አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለችም፤ ለአየር ንብረት ለውጥ ተጋላጭ የሆኑ አገሮች በጋራ የሚሟገቱበትን መድረክ ኢትዮጵያ ከ2016 እስከ 2018፣ ባንግላዴሽ ደግሞ ከ2020 እስከ 2022 በሊቀ መንበርነት መርተውታል። እነዚህ አገሮች ለዓመታት የጮኹለት የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ በ2022 በሻርም ኤል ሼክ ጉባኤ ጸደቀ፤ በቀጣዩ ዓመት በዱባይ ሲቋቋም የተገባለት ቃል ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለአንድ አገር ጠረፍ እንኳ የማይበቃ ገንዘብ ለዓለም ድኾች ሁሉ ተመደበ ማለት ነው። ከዚህ ውጭ ያለው የአየር ንብረት ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው በብድር ነው፤ ማለትም ያላቃጠሉትን የድንጋይ ከሰል ዕዳ ከነወለዱ እንዲከፍሉ ይጠየቃሉ። ከክትሩ ክርክር ይልቅ እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

የጣና ተመልካች

መሐንዲሱን አንድ ነገር ልጠይቅ። ደለሉ ተመልሶ እንዲገባ ማድረግ መፍትሔ ከሆነ፣ በተግባር የሞከረው አለ? የሩዝ ምርምር ተቋማቸው ጨው የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ማውጣቱን፣ ውኃ በሚተኛባቸው አካባቢዎችም ገበሬዎች በውኃ አረም ላይ ተንሳፋፊ የአትክልት መደብ እንደሚሠሩ አውቃለሁ፤ እነዚህ ግን መሬቱን ከፍ አያደርጉትም።

መሐንዲሱ ከአዳማ

አለ፤ የጀመሩትም ገበሬዎቹ ናቸው። ክትሩ የዝናቡን ውኃ ከውስጥ ስላጎረው ማሳቸው ለዓመታት ረግረግ ሆኖባቸው የቆዩ የደቡብ ምዕራብ ነዋሪዎች በ1990 በዳካቲያ፣ በ1997 ደግሞ በባይና ረባዳ መሬት ክትሩን በገዛ እጃቸው ቆረጡት። በባይና የባሕሩ ሙላት ደለሉን ይዞ ገብቶ መሬቱን ከፍ አደረገው፣ የተደፈነው ወንዝም በውኃው ጉልበት ተጠረገ። ባለሥልጣናቱ በኋላ ዘዴውን ተቀብለው ስም ሰጡት፤ በየተራ አንዱን ረባዳ ለጥቂት ዓመታት ለሙላቱ ከፍቶ፣ ሲሞላ ዘግቶ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ነው።

እንቅፋቱ በእነዚያ ዓመታት ባለ ማሳው ምን ይበላል የሚለው ነው። ካሣ ይከፈላል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ ብዙ፣ ክፍያውም የዘገየ ስለሆነ በርካታ ገበሬዎች ቀጣዩን ረባዳ ለመክፈት እንቢ ብለዋል፤ በዚህም አልፈርድባቸውም። በተጨማሪም ካሣው የሚታሰበው በባለቤትነት ሰነድ ነው። መሬቱን በእኩል የሚያርሰው፣ በቀን ሠራተኛነት የሚያጭደውና በረግረጉ ዓሣ የሚያጠምደው ሰነድ ስለሌለው ከዝርዝሩ ውጭ ነው። የአራት ኪሎው ታዛቢ የሚሉት ፈንድ አንድ ቀን ገንዘብ ካገኘ፣ ለአዲስ ክትር ከመዋሉ በፊት ለእነዚህ ሰዎች የጥቂት ዓመታት ቀለብ ቢሸፍን መሬቱን ከፍ ለማድረግ ከሲሚንቶው ይልቅ ርካሹ መንገድ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።